ካውንቲያችሁ ለቬተራኖች የፌዴራል ገንዘብ እንዲጠይቅና ሕጋቸውን እንዲደግፍ ማድረግ፦ ከመስከረም እስከ ክትትሉ

ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ መሀል ከተማ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚገናኙበት አደባባይ ስሙ ቬተራንስ ፕላዛ ነው። በዲቪ መጥተው ገና ግሪን ካርድ እንደያዙ የአሜሪካን ጦር የተቀላቀሉ፣ በኢራቅ፣ በአፍጋኒስታን ወይም እዚያው ጎረቤታችን ጂቡቲ ካምፕ ለሞኒየር ያገለገሉ ልጆች አሉን። ማቭኒ የሚባለውና እስከ 2016 ድረስ የዘለቀው የምልመላ ፕሮግራም እንዲያውም አማርኛን ከሚፈልጋቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶ ነበር። ብዙዎቹ ዛሬ ከጦሩ ወጥተው፣ ቬተራን ሆነው በየካውንቲው ይኖራሉ።

ስለነሱ ጥቅም ስንነጋገር ግን ወሬው ሁሉ ዋሽንግተን ላይ ያልቃል። ይህ መመሪያ ከታች ለመጀመር ለሚፈልጉ ነው፤ ለማኅበር አመራሮች፣ ለእድር ኮሚቴዎች፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ ቦርዶች፣ ለራሳቸው ለቬተራኖቹና ለቤተሰቦቻቸው። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ጥያቄያችሁ ከምን ያህል ልብ እንደመጣ ማንም አይመዝነውም፤ በየትኛው ወር እንደቀረበ ግን ይታያል። ጥሩ ሐሳብ ይዞ በሰኔ የሄደ ማኅበር የዚያን ዓመት ዕድል አሳልፎታል።

መጀመሪያ፦ ማን ምን እንደሚሠራ ለዩ

ካሳውንና ሕክምናውን የሚሰጠው በተለምዶ ቪኤ የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው። ሦስት ክንፎች አሉት። አንዱ ሆስፒታሎቹንና ክሊኒኮቹን ያስተዳድራል፤ ሁለተኛው የአካል ጉዳት ካሳን፣ ጡረታን፣ የትምህርት ድጋፍንና የቤት ብድር ዋስትናን ይመለከታል፤ ሦስተኛው የብሔራዊ መካነ መቃብሮች ኃላፊ ነው። ካውንቲ ወይም ከተማ ከእነዚህ አንዱንም አይከፍልም። ስለዚህ የካውንቲ ምክር ቤት አባል ፊት ቀርቦ «የወንድሜ ካሳ ዘገየ» ማለት የተሰጠንን ደቂቃ ከማባከን አይዘልም። የዘገየ ፋይል የሚጠየቀው በኮንግረስ ተወካያችሁ ቢሮ ነው፤ እዚያ ይህንኑ የሚከታተሉ ሠራተኞች አሉ፣ የፈቃድ ቅጽ ፈርማችሁ ትሰጧቸዋላችሁ።

የአካባቢ መንግሥት የሚሠራው ሌላ ነው። ቬተራኖች ማመልከቻቸውን እንዲያዘጋጁ በነፃ የሚረዱ ባለሙያዎችን ሊቀጥር ይችላል። በአካባቢው ያለው የቤቶች ባለሥልጣን ቤት ለሌላቸው ቬተራኖች የተመደበውን ሃድ-ቫሽ የሚባለውን የኪራይ ድጋፍ ያስተዳድራል። ካውንቲው ለፌዴራል ግራንት፣ ማለትም ለማይመለስ የድጋፍ ገንዘብ፣ ያመለክታል። በመጨረሻም በነዋሪው ስም ለኮንግረስ አቋሙን ያሳውቃል።

የነፃ ባለሙያዎቹ አደረጃጀት ከስቴት ስቴት ይለያያልና የራሳችሁን ቦታ አጣሩ። በኦሃዮ 88ቱም ካውንቲዎች የራሳቸው የቬተራን አገልግሎት ኮሚሽን አላቸው። በሚኒሶታ በየካውንቲው የቬተራን አገልግሎት ሹም አለ። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ሥራው በዋናነት የስቴቱ ነው። በሲያትል ዙሪያ ያለው ኪንግ ካውንቲ ደግሞ በ2005 ሕዝቡ በድምፅ ባጸደቀው የንብረት ግብር ለቬተራኖች የራሱን ገንዘብ ይመድባል፤ ይህ ግብር በ2017 እና በ2023 እንደገና በድምፅ ታድሷል። እንዲህ ያለ ምንጭ ባለበት ቦታ ፌዴራሉን ከመለመን በፊት ወደ እሱ መሄድ ይቀላል።

ፍላጎታችሁን ለሁለት ክፈሉ

በወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ ሥሩ። በአንዱ ገንዘብ የሚሹትን ጻፉ፦ ጊዜያዊ መኖሪያ፣ መጓጓዣ፣ አማርኛ የሚናገር የማመልከቻ ረዳት። በሌላው ሕግ ካልተለወጠ የማይፈቱትን ጻፉ፦ ከጡረታ ላይ የሚደረግ ቅነሳ፣ ከጥቅሙ ውጭ የሆነ የአገልግሎት ዓይነት። ሁለቱ የሚሄዱበት መንገድ፣ የሚያያቸው ኮሚቴና የጊዜ ሰሌዳቸው የተለያየ ነው። በአንድ ደብዳቤ አጭቀን ስንልካቸው ተቀባዩ የትኛውን እንደምንጠይቀው አይገባውም፤ ትሕትና የተሞላበት የምስጋና መልስ ጽፎ ይዘጋዋል።

የዓመቱ አቆጣጠር

የፌዴራል በጀት ዓመት የሚጀምረው ኦክቶበር 1 ነው። ሕዝብ እንደራሴዎች ለመጪው በጀት የአካባቢ ፕሮጀክቶችን ጥያቄ የሚቀበሉት ብዙ ጊዜ ከፌብሩወሪ እስከ ኤፕሪል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ቅጹ ተከፍቶ የሚቆየውም ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ካውንቲዎችና ትልልቅ ከተሞች ደግሞ ከኮንግረስ የሚፈልጉትን ዘርዝረው ዓመታዊ የፌዴራል አጀንዳቸውን የሚያጸድቁት በአብዛኛው በአሜሪካው መኸርና በአሜሪካው ክረምት መግቢያ ነው።

እንግዲህ እንቁጣጣሽን ባከበራችሁ ማግስት ጀምሩ። በመስከረምና በጥቅምት ፍላጎቱን አጥሩ፣ የካውንቲውን ሠራተኞች አግኙ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሐሳባችሁ አጀንዳው ውስጥ መግባቱን ተከታተሉ። በጥር ወረቀታችሁ ያለቀለት ይሁን። የእንደራሴው ቅጽ ሲከፈት የሚቀራችሁ መሙላት ብቻ መሆን አለበት።

ገንዘቡ የሚመጣባቸው ሦስት መንገዶች

የመጀመሪያው ኮሚዩኒቲ ፕሮጀክት ፈንዲንግ የሚባለው ነው፤ እንደራሴው ለአንድ የአካባቢ ፕሮጀክት ገንዘብ በፌዴራል በጀቱ ውስጥ እንዲገባ የሚጠይቅበት ነው። ኮንግረስ ከ2011 ጀምሮ አቁሞት የነበረውን ይህን አሠራር ለ2022 በጀት ዓመት በአዲስ ደንብ መልሶ አመጣው። አንድ የተወካዮች ምክር ቤት አባል የሚያቀርበው የፕሮጀክት ቁጥር የተወሰነ ነው፤ ከ2023 እስከ 2026 በጀት ጣሪያው 15 ነበር። አባሉ ጥያቄውን በድረ ገጹ ላይ ይፋ ማድረግ፣ እሱም ሆነ የቅርብ ቤተሰቡ ከፕሮጀክቱ የገንዘብ ጥቅም እንደሌላቸው በፊርማ ማረጋገጥ አለበት። ለትርፍ የሚሠራ ድርጅት አይቀበልም። የማኅበረሰብ ድጋፍ ማስረጃም ይጠየቃል፤ የካውንቲ ምክር ቤት ውሳኔ ዋጋው የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሴኔቱ ተመሳሳይ ነገር በራሱ ቅጽና በራሱ ቀን ስለሚቀበል አንዱን ፕሮጀክት ለሁለቱም ሴናተሮች ጭምር አቅርቡ። ዲሲ የምትኖሩ ሴናተር ባይኖራችሁም የዲሲ ተወካይ ጥያቄ ማቅረብ ትችላለች።

የቬተራን መኖሪያ ለመሥራት ወይም ለማደስ ከሆነ ሂሳቡ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤት፣ በሃድ፣ ሥር ነው። በ2024 የተወካዮች ምክር ቤት የበጀት ኮሚቴ ይህን የሃድ ሂሳብ ለትርፍ አልባ ድርጅቶች ዘጋው። ማኅበራችሁ ሕንፃ ቢኖረውም እንኳ አመልካቹ ካውንቲው ወይም ከተማው እንዲሆን ከመጀመሪያው ተነጋገሩ የምለው ለዚህ ነው።

ተመረጠ ማለት ገንዘቡ ደረሰ ማለት አይደለም። በማርች 2025 ኮንግረስ ሙሉውን የ2025 በጀት ባለፈው ዓመት ደረጃ ሲያራዝም ለዚያ ዓመት የቀረቡት የአካባቢ ፕሮጀክቶች በሙሉ ወደቁ። በየካውንቲው ወራት የተለፋበት ወረቀት እንዲያው ቀረ። በዚህ መንገድ ብቻ ተማምናችሁ ሠራተኛ አትቅጠሩ፣ ውል አትፈርሙ። ገንዘቡ ቢጸድቅም የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ሳያልቅ ቦታ መግዛት ወይም ግንባታ መጀመር ድጋፉን ሊያሳጣችሁ ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ የውድድር ግራንት ነው። ቪኤ ቤት ለሌላቸው ቬተራኖች ጊዜያዊ መኖሪያ ለሚሰጡ የሚከፍለው ግራንት ኤንድ ፐር ዲየም የሚባል ፕሮግራም አለው፤ የአካባቢ መንግሥታትም ትርፍ አልባ ድርጅቶችም ማመልከት ይችላሉ። ከቤት ለመውጣት የተቃረቡ የቬተራን ቤተሰቦችን የሚረዳው ኤስኤስቪኤፍ ግን ለግል ትርፍ አልባ ድርጅቶችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተተወ ነው፤ ካውንቲው እዚያ ውስጥ አመልካች ሳይሆን ደጋፊ ነው። ማስታወቂያው ሲወጣ መጀመሪያ «ማን ማመልከት ይችላል» የሚለውን ክፍል አንብቡ። ሌላውን ሃምሳ ገጽ ከዚያ በኋላ ትደርሱበታላችሁ።

ሦስተኛውን መንገድ ሰው ይረሳዋል፤ እኔ ግን ለትንሽ ማኅበር ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው ባይ ነኝ። ሲዲቢጂ ይባላል፤ በ1974 ሕግ የተቋቋመ የማኅበረሰብ ልማት ድጋፍ ነው። በሕጉ መሠረት 50,000ና ከዚያ በላይ ሕዝብ ያላቸው ከተሞች፣ እንዲሁም 200,000ና ከዚያ በላይ ያላቸው ካውንቲዎች በቀመር በየዓመቱ ይደርሳቸዋል። ማለትም ገንዘቡ ቀድሞውኑ ካውንቲያችሁ ኪስ ውስጥ አለ። ጥያቄው ለማን ይከፋፈል የሚለው ነው፤ ያንን ደግሞ የሚወስኑት ስማቸውን የምታውቋቸው፣ ሱፐርማርኬት የምታገኟቸው ሰዎች ናቸው። ከዚህ ገንዘብ ለማኅበራዊ አገልግሎት ሊውል የሚችለው 15 በመቶ ድረስ ስለሆነ ፉክክሩ ጠንካራ ነው፤ ሆኖም አማርኛ የሚናገር አንድ የማመልከቻ ረዳት በትርፍ ሰዓት ለመቅጠር ያህል የሚሆን ገንዘብ ከዚህ ሊገኝ ይችላል። ካውንቲው በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ የሕዝብ መስሚያ ማድረግ፣ ለረቂቅ ዕቅዱም 30 ቀን አስተያየት መቀበል አለበት። እነዚያን ሁለት ቀኖች ፈልጋችሁ የእድሩ ቀን መቁጠሪያ ላይ ጻፏቸው።

ወረቀቱ

በፌዴራል ገንዘብ የሚሠራ ድርጅት ሁሉ ሳም ዶት ጎቭ በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ተመዝግቦ መለያ ቁጥር ያወጣል። ከኤፕሪል 4፣ 2022 ጀምሮ የሚሠራው መለያ 12 ፊደልና ቁጥር ያለው ሲሆን፣ ዱንስ የሚባለው የድሮው ቁጥር ቀርቷል። ምዝገባው ነፃ ነው፤ «እናስመዘግባችኋለን» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ኢሜይል ከመጣላችሁ ሰርዙት። ምዝገባው በየዓመቱ ስለሚታደስ ጊዜው ያለፈበት ከሆነ ማመልከቻችሁ በዚያው ብቻ ሊወድቅ ይችላል። ካውንቲው ዋና አመልካች፣ ማኅበራችሁ ደግሞ በሥሩ ከግራንቱ የሚካፈል ድርጅት ከሆነ ሙሉ ምዝገባ ላያስፈልጋችሁ ይችላል፤ መለያ ቁጥሩ ግን ያስፈልጋል።

ሌላው ሂሳብ ነው። በአንድ በጀት ዓመት 1,000,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የፌዴራል ገንዘብ የሚያወጣ ድርጅት ልዩ የኦዲት ግዴታ አለበት፤ እስከ 2024 መጨረሻ አካባቢ ይህ ጣሪያ 750,000 ነበር። አብዛኞቹ ማኅበሮቻችን ከዚህ በታች ናቸው፤ ቢሆንም ደረሰኝና የሠራተኛ የሰዓት መዝገብ ከመጀመሪያዋ ዶላር ጀምሮ ይያዝ። በጥሬ ገንዘብ የተከፈለ፣ ደረሰኝ የሌለው ወጪ ካውንቲው አይተካላችሁም።

ለምክር ቤት አባል የምትሰጡት ግን አንድ ገጽ ብቻ ይሁን። በላዩ ላይ አምስት ነገሮች ይኑሩ፦ ምን እንደምትጠይቁ፣ ስንት ዶላር፣ ከየትኛው የፌዴራል ሂሳብ፣ ስንት ቬተራኖችን እንደሚደርስ፣ ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ሥራው በምን እንደሚቀጥል። የመጨረሻውን ብዙ ሰው አይጽፈውም። የካውንቲው የበጀት ሰዎች ዓይን ግን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው፤ ፌዴራሉ ሲያቆም ሸክሙ እነሱ ላይ እንዳይወድቅ ይፈራሉና። የቬተራኖችን ቁጥር ከቆጠራ ቢሮው የካውንቲ መረጃ ታገኛላችሁ። በግምት «በሺዎች የሚቆጠሩ» ብላችሁ አትጻፉ።

የድጋፍ ውሳኔው

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። ምክር ቤቱ ሪዞሉሽን በሚባለው የአቋም ውሳኔ አንድን ረቂቅ ሕግ ሊደግፍ ይችላል። ኮንግረስን አያስገድድም። ግን የእንደራሴው ሠራተኞች ከወረዳቸው የመጣውን ድምፅ ሲቆጥሩ የመቶ ሰው ፊርማና የአንድ ካውንቲ ምክር ቤት ውሳኔ እኩል አይመዝኑትም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአሜሪካ ባንዲራ ሥር የተዋጉ ፊሊፒናውያን በፌብሩወሪ 1946 በወጣ ሕግ ከአብዛኛው ጥቅም ከተገፈፉ በኋላ፣ በአሜሪካ የሚኖረው ማኅበረሰባቸው ከተማ ከተማውን እየዞረ ለአሥርተ ዓመታት ጠየቀ። በ2009 ለአሜሪካ ዜጎቹ 15,000፣ ዜጋ ላልሆኑት 9,000 ዶላር የአንድ ጊዜ ክፍያ ተፈቀደ። ብዙዎቹ ያን ጊዜ አልፈዋል። እኔ ከዚህ የምወስደው ጥያቄውን ማዘግየት ምን ያህል ሕይወት እንደሚያስከፍል ነው።

ለምሳሌ ሜጀር ሪቻርድ ስታር አክት የተባለውን ረቂቅ እንውሰድ። በጦርነት ቆስለው 20 ዓመት ሳይሞሉ በሕክምና ምክንያት ጡረታ የወጡ ወታደሮች ከቪኤ ካሳ ሲቀበሉ ለእያንዳንዱ ዶላር ከጡረታቸው አንድ ዶላር ይቀነሳል። ረቂቁ ይህን ቅነሳ ያስቀራል። በ2023 እና 2024 በነበረው ኮንግረስ በተወካዮች ምክር ቤት ቁጥሩ ኤችአር 1282 ነበር፤ ሳይጸድቅ ዘመኑ ስላለቀ በ2025 ኤችአር 2102 ሆኖ እንደገና ቀረበ። አንድ ኮንግረስ ሁለት ዓመት ነው፤ ሲያልቅ ያልጸደቀው ሁሉ ይሞታል። ከአሮጌ ደብዳቤ የተገለበጠ ቁጥር የያዘ ውሳኔ ስለሌለ ነገር የሚናገር ውሳኔ ነውና፣ በስብሰባው ሳምንት ኮንግረስ ዶት ጎቭ ላይ ገብታችሁ ቁጥሩንና ያለበትን ደረጃ አረጋግጡ።

የምክር ቤት አባላት ከባዶ እንዲጽፉ አትጠብቁ። ረቂቁን እናንተ አቅርቡላቸው፤ የካውንቲው ጠበቃ ያስተካክለዋል። በእንግሊዝኛ ከመጻፋችሁ በፊት በአማርኛ ተስማሙበት። ይህን ያህል ይበቃል፦

«በካውንቲያችን የሚኖሩ፣ በጦርነት ቆስለው ከ20 ዓመት አገልግሎት በፊት በሕክምና ጡረታ የወጡ ወታደሮች የቪኤ ካሳ ባገኙ ቁጥር ከጡረታቸው የሚቀነስባቸው በመሆኑ፤ ካሳው ለደረሰባቸው ጉዳት፣ ጡረታው ለሰጡት አገልግሎት የሚከፈል በመሆኑ፤ በኮንግረስ የቀረበው ይህ ረቂቅ ቅነሳውን የሚያስቀር በመሆኑ፤ የካውንቲው ምክር ቤት ኮንግረስ ረቂቁን እንዲያጸድቅ ይጠይቃል፤ የምክር ቤቱ ጸሐፊም የውሳኔውን ቅጂ ለሁለቱ ሴናተሮቻችን፣ ለወረዳችን እንደራሴና ረቂቁን ለሚያዩት የሁለቱም ምክር ቤቶች ኮሚቴዎች እንዲልክ ታዟል።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር እንዳትቀር። እሷ ከሌለች ውሳኔው በጭብጨባ ያልፍና መዝገብ ቤት ይቀራል።

በመስሚያው ቀን

ለመናገር ቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል። አስተርጓሚ የምትፈልጉ ከሆነ ቀናት አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛ ከሚያስተናግዳቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፣ ሞንጎመሪ ካውንቲም በአማርኛ አገልግሎት ይሰጣል። የሚሰጣችሁ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው። በአስተርጓሚ ስትናገሩ ጊዜው ይራዘም እንደሆነ ጠይቁ።

በእኛ ወግ ታላቁን አስቀድሞ፣ የተሰበሰበውን ሁሉ አመስግኖ መጀመር ያስከብራል። እዚያ ግን ምስጋናው ሳያልቅ የሰዓት ማብቂያው መብራት ቀይ ይሆናል። ስማችሁንና ሰፈራችሁን ተናገሩና ወዲያው «የምጠይቀው ይህን ነው» በሉ። ቬተራኑ ራሱ ይናገር፤ የማኅበሩ ሊቀ መንበር በጽሑፍ ያስገባ። ቬተራኑ ስለ ጤናው በአደባባይ መናገር ካልፈለገ አታስገድዱት፤ ስለ ሂደቱ መናገር ይበቃል። አሥር ሰው አንድ ዓይነት ነገር ከሚደግም ሦስት ሰው ሦስት የተለያየ ነገር ቢናገር፣ ሌላው ከኋላ ቢቆም ይሻላል።

ቤተ ክርስቲያንና ማኅበር የት ድረስ ይሄዳሉ?

ይህን ሲፈሩ ብዙ ጊዜ አያለሁ፤ ፍርሃቱ ግማሽ ትክክል ነው። ከግብር ነፃ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ቤተ እምነትም ጭምር፣ እጩን መደገፍም መቃወምም አይችልም። ረቂቅ ሕግን መደገፍ ግን የተፈቀደ ነው፤ ከድርጅቱ ሥራ ጉልህ ክፍል እስካልሆነ ድረስ። ማኅበራት 501ኤች የሚባለውን ምርጫ ቢያስመዘግቡ ገደቡ በገንዘብ ይለካላቸዋል፦ ከመጀመሪያው 500,000 ዶላር ወጪያቸው 20 በመቶ። ቤተ ክርስቲያናት ይህን ምርጫ መጠቀም አይችሉም። በፌዴራል ግራንት ገንዘብ ደግሞ ማንም ቢሆን ለሕግ ማግባባት አይችልም፤ ደብዳቤው የተጻፈበት የሠራተኛ ሰዓት ከሌላ ኪስ ይከፈል።

ከጸደቀ በኋላ

ውሳኔው በጸደቀ በሳምንቱ ፊርማ ያረፈበትን ቅጂ ከጸሐፊው ቢሮ ውሰዱና እናንተም ወደ እንደራሴው የአካባቢ ቢሮ ይዛችሁ ሂዱ። በዋሽንግተን ያለው ቢሮ ስልክ ይበዛበታል፤ የአካባቢው ቢሮ ሰው ቁጭ አድርጎ ያነጋግራል። እንደራሴው የረቂቁ አጋር አቅራቢ መሆን አለመሆኑ ኮንግረስ ዶት ጎቭ ላይ ይታያል። ካልሆነ ያንን ብቻ ጠይቁ። ከሆነ አመስግኑና ለምን ድምፅ እንዳልተሰጠበት ጠይቁ። ብዙ ጊዜ መልሱ ወጪ ነው፤ የኮንግረስ በጀት ቢሮ ያወጣውን ግምት አንብባችሁ ብትሄዱ ንግግሩ ይለወጣል።

ይህ ሁሉ እስኪሆን ቬተራኑ ምን ያድርግ?

ሕግ እስኪወጣ አይጠብቅ። የቪኤ ጥቅም የሚወሰነው በአገልግሎትና በስንብት ዓይነት ነው፤ የአሜሪካ ዜግነት መስፈርት አይደለም። ኦገስት 10፣ 2022 የተፈረመው ፓክት አክት ለመርዛማ ጭስ የተጋለጡትን ሸክም አቅልሏል፤ ከሴፕቴምበር 11፣ 2001 ወዲህ በአፍጋኒስታን ወይም በጂቡቲ፣ ከኦገስት 2፣ 1990 ወዲህ ደግሞ በኢራቅ ወይም በሶማሊያ ያገለገለ ሰው በሕጉ ከተዘረዘሩት በሽታዎች አንዱ ካለበት በሽታው ከአገልግሎቱ እንደመጣ ማስረዳት አይጠበቅበትም። ከዚህ ቀደም ተከልክሎ ከነበረ እንደገና ያመልክት።

ዛሬውኑ ለቪኤ የማመልከት ሐሳብ ማስታወቂያ (ኢንቴንት ቱ ፋይል) ያስገባ። ሙሉ ማመልከቻውን በአንድ ዓመት ውስጥ ካጠናቀቀና ከተፈቀደለት ክፍያው ማስታወቂያውን ካስገባበት ቀን ጀምሮ ሊታሰብለት ይችላል። የስንብት ወረቀቱን ዲዲ-214 ይያዝ፤ ቪኤ የፈቀደላቸውን የካውንቲ፣ የስቴት ወይም የቬተራን ማኅበር ወኪሎች ያግኝ። ለመጀመሪያው ማመልከቻ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ሕጉን የሚጥስ ስለሆነ አይፈርምለት። ሌሊት የከበደው፣ ራሱን ሊጎዳ ያሰበ ካለ ደግሞ 988 ደውሎ 1ን ይጫን፤ ቤተሰብም ስለሱ መደወል ይችላል።